ጥያቄ የማይከተለው ንባብ፦ የአንድ የንባብ ጥግ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 2017 ዓ.ም.

በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ለደስታቸው ብቻ የሚያነቡበት የንባብ ጥግ ለማቋቋም ከሁለት የአማርኛ መምህራን ባልደረቦቼ ጋር ሥራ ጀምረናል። ርእሰ መምህሩ ከምሳ ምገባው በኋላ፣ የከሰዓቱ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት በሳምንት ሦስት ቀን እንድንጠቀምበት ፈቅደውልናል። የሥራውን አካሄድ በየወሩ በዚህ ማስታወሻ እመዘግባለሁ።

ዓላማችንን ከጅምሩ ለይተን ማስቀመጥ አስፈልጎናል፤ ምክንያቱም «የንባብ ፕሮግራም» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው ደካማ ተማሪዎችን የሚደግፍ ተጨማሪ ትምህርት ነው። እንዲህ መታሰቡም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በበርካታ ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ መማሪያ መጻሕፍትን ማሻሻልና መምህራንን ማሠልጠን ላይ ብዙ ተሠርቷል፤ ሥራውም ተገቢ ነበር። ይሁንና ፊደል የለየና ቃል የሚያነብ ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ያነባል የሚለው ጥያቄ ብዙም አልተነሣም። በእኛ ትምህርት ቤት አብዛኛው የ3ኛ ክፍል ልጅ አንድን አንቀጽ አንብቦ መጨረስ ይችላል፤ በእጁ የሚገባው መጽሐፍ ግን የመማሪያ መጽሐፉ ብቻ ነው፤ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ከእያንዳንዱ ምንባብ በታች ጥያቄ አለ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ቀደም ብሎ ማንበብ የቻለ ልጅ ብዙ ስለሚያነብ ይበልጥ እየጎለበተ እንደሚሄድ፣ ማንበብ የከበደው ደግሞ ንባብን ስለሚሸሽ ልዩነቱ በየዓመቱ እንደሚሰፋ አስረድቷል። ላለው ይጨመርለታል ከሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተነሥቶም ይህን አዙሪት በማቴዎስ ስም ጠርቶታል። እኛ ልንሰብረው የምንሻው ይህንኑ አዙሪት ነው፤ መንገዳችንም ልጆች ወደው እንዲያነቡ ማድረግ ነው።

ጥቅምት

መጀመሪያ የሚያስፈልገን መጽሐፍ ነበር፤ መጽሐፍ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ውስጥ አለ። የቤተ መጻሕፍቱን ቁም ሣጥን ከኃላፊዋ ጋር ስንከፍት፣ ከአሮጌ መማሪያ መጻሕፍትና በእርዳታ ከመጡ ወፋፍራም የእንግሊዝኛ ጥራዞች ኋላ፣ ሥዕል ያላቸው ስስ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት አገኘን። አብዛኞቹ ገልጧቸው የሚያውቅ ያለ አይመስልም፤ ገጾቻቸው ከመቁረጫው እንደወጡ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር።

ኃላፊዋን ለመውቀስ የሚደፍር ካለ ሥራዋን አያውቅም ማለት ነው። «ይሄ ሁሉ በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ቅጹ፣ ገብቶ በስሜ የተመዘገበ ነው፤ አንዱ ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለችን። የልጆች መጽሐፍ በብዙ እጅ በተገለጠ ቁጥር ያልቃል፤ ማለቁም የመነበቡ ምልክት ነው። መጽሐፉ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ በቋሚ ንብረትነት እስከተያዘ ድረስ ግን የሚጠብቀው ሰው ከልጆች እጅ ቢያርቀው አይፈረድበትም። ስለዚህ ከርእሰ መምህሩ፣ ከንብረት ያዡና ከቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ጋር ተሰብስበን ቃለ ጉባኤ ያዝን፤ ለንባብ ጥጉ የሚወጡት መጻሕፍት በንብረት ወጪ ቅጹ በሞዴል 22 ወጪ እንዲሆኑ፣ ከዚያም እንደ ጠመኔና ወረቀት በአላቂ ዕቃነት እንዲቆጠሩ፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የተቀደዱትንና የጠፉትን ዘርዝረን እንድናወራርድ ተስማማን። ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር መምህር ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው፤ መደርደሪያም ሆነ ሥዕል ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

የጎደለንን ከአራት ኪሎና ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡ ሰዎች ገዛን። ስንመርጥ በአንድ ገጽ ጥቂት መስመር ያላቸውን፣ ፊደላቸው ጎላ ያለውን፣ ሥዕላቸው ከጽሑፉ ጋር አብሮ የሚሄደውን አስቀደምን። ታሪኩ ሳያልቅ ምክር የሚጀምሩትን ግን ተውናቸው። በገበያው ውስጥ ከየምዕራፉ ሥር «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» የሚል የታተመባቸው ብዙ ናቸው፤ እነዚህን ለማንሣት እጄ አልታዘዘልኝም።

የጥቅምት መጨረሻ

መደርደሪያ በእንጨት ማሠራት ከአቅማችን በላይ ስለሆነ፣ ከአቡጀዲ ኪስ ያለው የግድግዳ ጨርቅ ሰፋን። ኪሶቹ ፊታቸው ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ መጽሐፉ ሲገባ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስስ መጽሐፍ በጀርባው ተደርድሮ ሲቆም ርእሱ እንኳ አይነበብም፤ የ2ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የሚመርጠው ሥዕሉን አይቶ ነው። የላይኛውን ኪስ ከአንዲት የ2ኛ ክፍል ልጅ ዓይን ትይዩ አደረግነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አልሰቀልንም።

መጻሕፍቱን ሁሉ ለበድን። እያንዳንዱ ሽፋን ላይ ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ምልክት ለጠፍን፤ አረንጓዴው በገጽ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ያለው፣ ሰማያዊው ረጅም ታሪክ የያዘ ነው። ቀለሙ ልጁን የሚመራ ነው እንጂ የሚያግድ አይደለም፤ የ2ኛ ክፍል ልጅ ሰማያዊ ቢያነሣ ማንም «ይህ ላንተ አይሆንም» አይለውም። ራሱ እንዲመዝን ግን አንድ ዘዴ አስተማርናቸው፦ አንድ ገጽ ሲያነብ ባልገባው ቃል ሁሉ አንድ ጣቱን ያጥፋ፤ ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣት ከታጠፈ ሌላ መጽሐፍ ይሞክር ወይም ጓደኛው ያንብብለት።

ኅዳር

የንባብ ጊዜው ተጀመረ። ልጆቹ ከምሳ በኋላ እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ፤ የወጥ ዘይት ከእጃቸው ካልለቀቀ መጽሐፉ ሳምንት አይቆይም፤ ስለዚህ በሩ ላይ ውኃና ሳሙና እናስቀምጣለን። ከዚያ የፈለጉትን አንሥተው ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ። ሕጋችን አጭር ነው፦ የፈለግከውን አንሣ፤ ካልጣመህ መልሰው፤ የወደድከውን ደግመህ አንብበው፤ ማንም አይጠይቅህም።

የመጨረሻው ሕግ እንዲታመን ጊዜ ወሰደ። አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ መጽሐፍ ባነሣች ቁጥር መጀመሪያ የምትገልጠው የመጨረሻውን ገጽ እንደሆነ አስተዋልኩ። ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ልታይ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳያት ግን ዓይኗ ከገጹ ግርጌ ላይ ነው፤ በጣቷ እየሄደችበት የጥያቄ ቁጥር ትፈልጋለች። ባዶ ሆኖ ስታገኘው ቀና ብላ «ቲቸር፣ ይሄ ጥያቄ የለውም እንዴ?» አለችኝ። «የለውም» አልኳት። «ሲያልቅስ ይጠይቁናል?» አለች። እንደማልጠይቃት ስነግራት መጽሐፉን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ጥቂት ገጽ አንብባም ሌላ ለመቀየር ተመለሰች፤ ቀጥሎም ሌላ። በዚያ ቀን አንዱንም አልጨረሰችም። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አንዲት ጦጣ የሚናገረውን ይዛ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች።

ሁለተኛው ያስተዋልኩት ነገር ድምፅ ነው። ወንዶቹ በተለይ ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ ድምፅ፣ ዜማ በሚመስል አነባበብ ይጮኻሉ። ይህ ልማድ ሥሩ ሩቅ ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረው፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነበበው፣ ዳዊት የደገመው ሁሉ የተማረው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ ዘመናዊው ክፍልም የኅብረት ንባቡን ወርሷል። መምህሩ የልጁን ስሕተት የሚሰማውና የሚያርመው በድምፅ ሲነበብ ስለሆነ ዘዴው ለማስተማሪያነት ይጠቅማል። ዝም ብሎ የሚያነብ ልጅ ግን በብዙዎቻችን ዓይን ሥራ የፈታ ይመስላል፤ አንድ ባልደረባችንም በመስኮት አይቶ «ዛሬ ትምህርት የላቸውም?» ብሎ ጠየቀን። ድምፃቸውን አልከለከልንም። ይልቁንም መምህራኑ ራሳችን ከልጆቹ መካከል ተቀምጠን የየራሳችንን መጽሐፍ ዝም ብለን አነበብን። በወሩ መጨረሻ ጫጫታው ወደ ማንሾካሾክ ወርዷል፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚያነቡ አሁንም አሉ፤ ይህ በራሱ ጊዜ የሚለቅ ነው።

ታኅሣሥ

በሳምንት አንድ ቀን እኛ እናነብላቸዋለን። ማንበብ የሚችል ልጅ ሊነበብለት አይገባም የሚል አስተያየት ከአንዳንድ ወላጆች ሰምተናል፤ በዚህ አልስማማም። ልጅ በጆሮው ሰምቶ የሚከተለው ታሪክ፣ ራሱ አንብቦ ሊከተለው ከሚችለው ይረዝማል፤ ይረቅቃልም፤ ስለዚህ የሚነበብለት ታሪክ ነገ በራሱ ወደሚያነበው የሚስብ ነው። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዐሥርት ዓመታት ተረት ሲነግሩ ያደገው ትውልድ ይህን ማስረጃ ሳይጠይቅ ያምናል፤ ልጅ የነበርን ሁላችን ከመስታወቱ ፊት የተቀመጥነው ትምህርት ነው ተብለን አልነበረም።

«ተረት ተረት» ስንል «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፤ ከዚያ ጸጥታው ራሱ ይመጣል። አንባቢው መምህር አስቀድሞ ቤቱ አንብቦት መምጣት አለበት፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ፣ ያልተዘጋጀ አንባቢ በመካከል ይደናቀፋል፤ የልጆቹም ልብ ይበተናል። ረጅም ታሪክ ሲሆን ከወሳኙ ቦታ ላይ እናቆማለን፤ መጽሐፉንም ኪሱ ውስጥ እንመልሰዋለን። በማግሥቱ ያን መጽሐፍ ለመያዝ የሚደረገው ሽሚያ አንዱን ቅጂ ከሽፋኑ ለይቶታል፤ ዛሬ ለጥፌዋለሁ።

በዚሁ ወር የመጻሕፍቱ ቁጥር አነሰን። ደጋግመው የሚያነቡት ልጆች አረንጓዴዎቹን ጨርሰዋል። ሳይዴ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ድርጅት የሚያስተዳድረው አፍሪካን ስቶሪቡክ በነፃ ፈቃድ የሚታተሙ የልጆች ታሪኮችን ያቀርባል፤ ከእነዚህ መካከል የአማርኛዎቹን መርጠን ለማተም ወሰንን። የፈቃዱ ግዴታ የደራሲው፣ የሠዓሊውና የተርጓሚው ስም እንዳለ እንዲቆይ ነው፤ የመጨረሻውን ገጽ ስለዚህ አልቆረጥንም። በገበያ ላይ ያሉ የደራስያንን መጻሕፍት ግን ፎቶ ኮፒ አናደርግም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ከአዋጁም በላይ ለልጆች የሚጽፉ ጥቂት ሰዎች በሥራቸው ሊኖሩ ይገባል።

የአሠራሩን ዝርዝር ላስፍር፤ ብዙ ሰው ጠይቆኛልና። ባለ 16 ገጽ መጽሐፍ አራት የኤ4 ወረቀት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፤ ስለዚህ የገጹ ብዛት ሁልጊዜ በአራት መካፈል አለበት። ማተሚያው በሁለቱም በኩል የማያትም ከሆነ መጀመሪያ የአንዱን ወገን፣ ቀጥሎ ወረቀቱን ገልብጦ የሌላውን ማተም ይቻላል። በስቴፕለር የተያዘው በልጆች እጅ ቶሎ ይላቀቃል፤ ሽቦውም ዝጎ ወረቀቱን ይበላል። ስለዚህ በክር እንሰፋለን። በእጥፋቱ መሥመር ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ እንበሳለን፤ አንዱ መካከል ላይ፣ ሁለቱ ከላይና ከታች። መርፌው ከውስጥ በመካከለኛው ቀዳዳ ይወጣል፤ በላይኛው ይገባል፤ በውስጥ በኩል ወርዶ በታችኛው ይወጣል፤ መጨረሻ በመካከለኛው ተመልሶ ይገባና የክሩ ሁለት ጫፎች በውስጠኛው ረጅም ክር ላይ ይቋጠራሉ። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነውና ክር አላጣንም፤ አንድ አባት ጠንከር ካለው ድር አንድ ልቃቂት ላኩልን፤ እስካሁን እሱን እየተጠቀምን ነው።

ጥር

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ስለነበረ ጥጉ ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ከጥምቀት በኋላ ተከፈተ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ብዙ መጽሐፍ ላነበበ ልጅ ነጥብ ወይም ሽልማት እንዲሰጥ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የቀረበው በቅን ልቦና ነው፤ እኛ ግን ባለመቀበል ጸናን። ቁጥር ከተቆጠረ ልጅ አጭር አጭሩን ይመርጣል፤ ያላነበበውንም አነበብኩ ይላል፤ ማንበብ የሚከብደው ደግሞ ገና ሲጀመር ከውድድሩ ይወጣል። ለልጆቹ የምንሰጠው ብቸኛ ነገር ተጨማሪ መጽሐፍ ነው።

የካቲትና መጋቢት

ከልጆቻችን ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ቤተሰቦች ናቸው። ቤት ውስጥ ጋሞኛ ይነገራል፤ መማሪያቸው አማርኛ ነው። ከትምህርት በኋላ አብዛኞቹ ማግ በቀሰም ላይ በማጠንጠን ወላጆቻቸውን ያግዛሉ፤ ስለዚህ «ማታ ቤት አንብቡ» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። ወላጆቹን ጠርተን ስናወያይ አንዲት እናት «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምን ላግዘው?» አሉ። ተረት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅናቸው። ሳቅ ብለው «ተረትማ የማያውቅ ማን አለ!» አሉ።

ከዚህ ውይይት በኋላ ሥራው ሰፋ። ልጆቹ ከአያቶቻቸውና ከወላጆቻቸው ተረት ሰምተው እንዲመጡ፣ ክፍል ውስጥ በአማርኛ እንዲናገሩ፣ እኛ እንድንጽፍ፣ እነሱ ደግሞ እንዲሥሉ አደረግን። የልጆቹን አነጋገር አላቃናንም ማለት ይቻላል፤ የተዛባ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ብቻ አስተካከልን። አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ጅብና ቀበሮ በገበያ መንገድ ላይ የተገናኙበትን ተረት ሲናገር ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ሰጣቸው፤ ስንጽፈውም የጅቡ ንግግር በትልልቅ ፊደል እንዲሆን ጠየቀን፤ አደረግንለት። መጽሐፉ ተሰፍቶ ኪሱ ውስጥ ሲገባ ስሙ ሽፋኑ ላይ ነበረ። አባቱ በሌላ ቀን ትምህርት ቤት መጥተው አዩት፤ ማንበብ ስለማይችሉ ልጁ እያነበበላቸው እሳቸው በጋሞኛ «እዚህ ላይ አንድ ነገር ረስተሃል» እያሉ አረሙት፤ ሁለተኛው እትም የእሳቸውን እርማት ይዞ ወጥቷል።

በልጆች የተሠሩት መጻሕፍት አሁን ከሁሉ በላይ የሚነበቡ ናቸው። ልጁ ጓደኛው የጻፈውን ሲያነብ ጽሑፍ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር አለመሆኑን ያያል። የንባብ ደስታ ለሚነፈጋቸው ልጆች ከዚህ የሚበልጥ መግቢያ እስካሁን አላየሁም።

ሚያዝያ

መጻሕፍቱ ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ። በዚህ የቀደሙን አሉ፤ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሾላውን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ከከፈቱ በኋላ፣ በሐዋሳ መጽሐፍን በአህያ ጋሪ ልጆች ወዳሉበት ሰፈር አድርሰዋል። መጽሐፍ ልጁን እስኪመጣለት ሊጠብቀው እንደማይገባ ያየነው ከእነሱ ነው። እኛ ጋሪ አላስፈለገንም፤ ዓርብ የሚወጣ፣ ሰኞ የሚመለስ አንድ መጽሐፍ በእያንዳንዱ ልጅ እጅ፣ ከአቡጀዲው ትርፍ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ። ውሰቱን የሚመዘግቡት የ4ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የጠፉት ጥቂት ናቸው፤ ለጠፋ መጽሐፍ ገንዘብ አናስከፍልም፤ ልጁ በምትኩ አንድ መጽሐፍ በመስፋት ያግዘናል። ብዙዎቹ መጻሕፍት ታናናሾች ሥዕል የሣሉባቸውን ገጾች ይዘው ይመለሳሉ፤ ይህም መጽሐፉ ቤት ውስጥ እንደተገለጠ ያሳያል።

ግንቦት

እስካሁን ያልተሳቡልን አሉ፤ አብዛኞቹ የ4ኛ ክፍል ወንዶች ናቸው። መጥተው ይቀመጣሉ፤ ገጽ ይገልጣሉ፤ አያነቡም። ተረትም፣ የልጅ ሥዕልም «የትንንሾች» ሆኖባቸዋል። አንዱን ምን ማንበብ እንደሚወድ ስጠይቀው «ኳስ» አለኝ። የስፖርት ጋዜጦችን ገጾች ቆርጠን በካርቶን ላይ ለጠፍን፤ ስለ ዋልያ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ቀይ ቀበሮ አጫጭር ጽሑፎችን በፎቶግራፍ አዘጋጀን፤ እንቆቅልሾችንም በአንድ ገጽ ጥያቄውን፣ በሚቀጥለው መልሱን አድርገን ሰፋን። የእንቆቅልሹ መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ተጎሳቁሏል፤ «አገር ስጠኝ» የሚለው ድምፅ ከኮሪደሩ ይሰማል። ለእነዚሁ ልጆች ሌላም ኃላፊነት ሰጠናቸው፤ ዓርብ ዓርብ ለ1ኛ ክፍል ልጆች ያነባሉ። አረንጓዴ መጽሐፍ ማንበብ ለራሱ ሲሆን የሚያሳፍረው ልጅ፣ ለታናሹ ሊያነብለት ሲዘጋጅ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደግመዋል።

ትምህርት ቤቱ በሰኔ ይዘጋል፤ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ልጆቹ የሚያገኙት ንባብም የሚቋረጠው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት መጽሐፍ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ከልጆች ሥራ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ እንዲሰጠው ዝርዝሩን እያዘጋጀን ነው። በአንድ አጥር ግቢ የሚኖሩ ልጆች እርስ በርስ እንዲቀያየሩ የተለያየ መጽሐፍ እንመድብላቸዋለን። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋም ረቡዕ ጠዋት ጠዋት ክፍሉን ለመክፈት ቃል ገብታለች። የ4ኛ ክፍሎቹ ወደ 5ኛ ስለሚያልፉ ጥጉ ለእነሱም እንዲቀጥል ጥያቄያችንን ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ አቅርበናል፤ መልሱ ሲደርሰን የሚያስፈልገውን የአቡጀዲ ልክ እወስዳለሁ።